ኩ ቺ ያየሁት ወጥመድ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ

ዮኒ ከሰሚት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ቬትናም ልኮኝ ነበር። እሁድ ሥራ ስላልነበረን በሚኒባስ ወደ ኩ ቺ ወሰዱን። ከሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ከድሮዋ ሳይጎን፣ በስተሰሜን ምዕራብ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖቹን ይወጉ የነበሩት፣ ቬትኮንግ የሚባሉት ሽምቅ ተዋጊዎች የቆፈሩት ዋሻ ያለበት ቦታ። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንደነበር ነገሩን። በእንብርክኬ ገብቼ ሃያ ሜትር ሳልሄድ በላብ ተጠመቅሁ። እሱን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት ወጥመዶቹን ማየት ነው።

በአንድ ረጅም ዳስ ሥር ተደርድረዋል። አስጎብኚው በእንጨት ነካ ሲያደርገው ክዳኑ ይገለበጣል፣ ከሥሩ የሾለ ቀርከሃ ብቅ ይላል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሲወድቁባቸው የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሰዉ ይስቃል። ሰልፊ ይነሳል። ራቅ ብሎ ደግሞ ቱሪስት ከፍሎ ጠመንጃ የሚተኩስበት ሜዳ ስላለ ጆሮህ ላይ ተኩስ አይቋረጥም።

እኔ አያቴ ትዝ አሉኝ። ጅማ ገጠር ናቸው። ከርከሮ በቆሎውን ሲጨርስባቸው ማሳው ዳር ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ልጅ ሆኜ ለክረምት ስሄድ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ እሱን ነው። እጄን ይዘው "እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚያም ጋ" ይሉኛል። ያንኑ ጉድጓድ ነው ኩ ቺ ላይ ለሰው ተቆፍሮ ያየሁት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህ ነገር እውነት ያን የሚያህል ጦር አስቸግሯል? ወይስ ለቱሪስት የተጋነነ ነው? ሄሊኮፕተርና ቢ-52 የሚባል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያለው ጦር ቀርከሃ ምን ያደርገዋል? ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ካለ በእናታችሁ ያስረዳኝ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ልጄ ዮኒ፣ ደህና ጥያቄ ጠይቀሃል። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በምሕንድስና ክፍል አገልግያለሁ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ በኋላ ደግሞ ሰሜን ፈንጂ አምክኛለሁ። ቬትናምን አላየኋትም። ኮርስ ላይ ግን ደጋግመን የተማርነው የእነሱን ጦርነት ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ማንበቡን አልተውኩም።

በቁጥሩ ልጀምርልህ። እ.ኤ.አ. ከ1965 መጀመሪያ እስከ 1970 አጋማሽ ከሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 11 ከመቶ፣ ከቆሰሉት ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ የተጎዱት በፈንጂና በወጥመድ ነው። ስለዚህ አልተጋነነም። ነገር ግን ቀርከሃው ብቻውን አይደለም ይህን ያደረገው። የሾለ ቀርከሃ ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። እግር ይወጋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሰውየው ከጦር ሜዳ ይወጣል። ገዳዩ ፈንጂው ነበር። ፈንጂው ደግሞ ብዙው የመጣው ከራሳቸው ከአሜሪካኖቹ ነው። ከሰማይ ወርዶ ያልፈነዳ ቦምብ፣ ተተኩሶ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት እየተለቀመ መልሶ ለእነሱው ይጠመድ ነበር።

አሁን አንድ ወታደር ቀርከሃ ረገጠ በል። ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ሌሎቹ ዙሪያውን ጥበቃ ይይዛሉ። ሄሊኮፕተር ይጠራል። ለሄሊኮፕተሩ ማረፊያ ዛፍ ይቆረጣል። ጫካው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሲጓዝ የነበረ ጦር በአንድ እግር ምክንያት ያለበትን ቦታ ለአገር ምድሩ አወጀ። ሽምቅ ተዋጊው የሚፈልገው ይህንን ነው። ወጥመድና ደፈጣ ባልና ሚስት ናቸው።

አሜሪካኖቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጫካ ቦቲያቸው ሶል ውስጥ ስስ ብረት አስገቡበት። ከቬትኮንግ ከድተው የመጡ ሰዎችን መንገድ መሪ አደረጉ፤ እነዚያ ሰዎች የራሳቸውን ሰዎች አጠማመድ ስለሚያውቁ የብዙ ወታደር ሕይወት አትርፈዋል። ዋሻው ውስጥም ሽጉጥና ባትሪ ብቻ ይዘው የሚገቡ ቀጫጭን ልጆች ነበሩ። በር ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ነው የሚገቡት።

የሶሉ ብረት ግን ለዓይን አይሆንም። ስለ ዓይን ደግሞ ከራሴ ልንገርህ።

ዛላንበሳ አካባቢ ስንሠራ በሆዴ ተኝቼ ነው የምውለው። ከፊቴ ቀጭን የብረት መውጊያ አለ። አፈሩን በአግድም ቀስ እያልኩ እጠቁማለሁ። ጣቴ አንድ ነገር ከተሰማው አቆማለሁ፣ አፈሩን በእጄ እገልጣለሁ፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው። እንደገና። ጠዋት ከፊቴ የነበረች አንዲት የሣር ጉቶ ከሰዓት በኋላ ትከሻዬ አጠገብ ትደርሳለች። የቀኑ ሥራ ያቺ ናት። በዚያ ሰዓት ከሣሩና ከአፈሩ ሌላ ዓለም የለም። ሣሩ ለምን ወደዚህ ተኛ? ይህ አፈር ከዚያኛው ለምን ጠቆረ? እዚህ ጋ ጤዛው ለምን የለም? አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ስሜን ሲጠራ አልሰማውም ነበር። እኔ እንግዲህ የሚተኩስብኝ ሰው አልነበረም። ሰላም ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቃፊር ግን በዚያው ዓይን መሬቱንም ዛፉንም ማየት ነበረበት። መሬቱን ሲያይ ከዛፉ ይተኮሳል። ዛፉን ሲያይ ይረግጣል። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ውለው ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሄዱት።

ሌላም አለ፣ እሱ ከሁሉም ይከብደኛል። ጠማጆቹ ለወገን ምልክት ይተዉ ነበር። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ በሆነ መልክ የተቀመጡ ድንጋዮች፣ የታሰረ ሣር። በየአካባቢው ይለያያል። ገበሬው በዚያ ምልክት ነው በሰላም እርሻው የሚደርሰው። ወታደሩ ይህን ያያል። ሴትዮዋ ውኃ ቀድታ በዚያው መንገድ ተመለሰች፣ ጓደኛዬ ግን እዚያው መንገድ ላይ እግሩን አጣ። ታውቅ ነበር ማለት ነው ይላል። ማንን ይተኩስ? የጠመደው ሰው የለም። ቂሙ መንደሩ ላይ ያርፋል።

"ሚ ላይ" በሚባለው የቬትናም መንደር የሆነውን አንብብ። ቻርሊ የሚባለው የአሜሪካ የሻምበል ጦር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 ፈንጂ ወረዳ ውስጥ ገብቶ ሰው አልቆበታል። መጋቢት 14 ቀን አንድ የሚወዱት ሳጅን በወጥመድ ሞተ። መጋቢት 16 ቀን መንደሩ ገቡ። ይህ ነው የሚባል ተኩስ አልገጠማቸውም። በቬትናሞቹ ቆጠራ 504 ሰው ገደሉ፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን። ይህን የምነግርህ ወጥመዱ አስገደላቸው ብዬ አይደለም። የገደሉት ራሳቸው ናቸው፣ ለዚያ ማመካኛ የለውም። በዚያው ቀን፣ ያው ጦርነት የሚያንገበግበው ሂዩ ቶምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በገበሬዎቹ መካከል አሳርፎ ሰው አድኗል። እኔ የምልህ፣ የጠመደው ሰው ጫካ ገብቶ ሲተኛ መንገዱ ዳር ቤት ያላት ሴትዮ ሂሳቡን እንደከፈለች ነው።

ሰናይት ከቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንብቤ ሳበቃ እጄ ቀዝቅዞ ነበር።

እኔ እዚህ አሜሪካ የአረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ። ቤት ለቤት ነው የምሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የቬትናም ዘማች አዛውንት ስንከባከብ ነበር። ስለ ጦርነቱ ቃል አይተነፍሱም። መልካም ሰው ናቸው፣ ሻይ ሳፈላ ለራስሽም ቅጂ ይሉኛል።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ አልጋቸው አጠገብ ትንሽ ምንጣፍ አነጠፍኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሽንት ቤት አልሄዱም። ሽንታቸው አምልጧቸዋል። አፍረው ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። ምነው ስላቸው ምንጣፉን በጣታቸው አሳዩኝ። ቀለሙን ያልወደዱት መሰለኝ። ሰማያዊ ነበር። አጥቤ ሳበቃ በግራጫ ቀየርኩት። እሱንም አልረገጡም። ሦስተኛው ቀን ላይ ዝም ብዬ ጠቅልዬ አነሳሁት። ያኔ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እግራቸውን ባዶው ወለል ላይ አስቀመጡና ተነስተው ሄዱ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። የሚሸፍን ነገር ላይ አይቆሙም አለችኝ። ሣር ላይ አይሄዱም። የወደቀ ቅጠል ከተከማቸ አስፋልቱን ይዘው ይዞራሉ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ቀኝ እግራቸው ውስጥ ከታች ወደ ላይ የወጣ ጠባሳ አለ፣ የሃምሳ ሳንቲም ያህላል። ያ ብቻ ነው። ሐኪም ያክመው ነገር ቢሆን ድሮ ድኗል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አብራኝ የምትሠራ ቬትናማዊት አለች፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እዚህ ፎልስ ቸርች ብዙ ናቸው፣ ትልቅ የገበያ ማዕከል አላቸው፣ እኛም ዓሣና ቅጠላ ቅጠል እዚያ ነው የምንገዛው። ይህን የምንጣፍ ነገር ስነግራት አልደነቃትም። ልጅ ሆና እናቷ መንገድ ላይ ከፊት አያስቀድሟትም ነበር። ልክ እናቷ የረገጡበትን ብቻ እየረገጠች ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። "የእናቴን ተረከዝ ከፊቷ በላይ አውቀዋለሁ" አለችኝ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጊዜ እኔ ፊት ተገናኝተዋል፣ እሷ ፈረቃ ልትቀይረኝ መጥታ። እጅ ተነሳሱ። ሌላ ምንም አልተባባሉም።

ታሪክ ወዳዱ፦

ጋሼ መሐንዲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በአንድ ነገር አልስማማም። ወጥመዱን ቀንደኛ ጥፋተኛ ያደረጉት መሰለኝ። የድሃ ገበሬ መሣሪያ እኮ ነው። በጎማ ሰንደል፣ እኛ በረባሶ በምንለው፣ የሚዋጋ ሰው ከሰማይ እሳት ሲዘንብበት ምን ያድርግ? ጎረቤታቸው ላኦስ ላይ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ወርዷል። የእኛም አርበኞች ጣሊያን መርዝ ጋዝ ሲረጭባቸው ገደሉንና ጫካውን ነበር መሣሪያ ያደረጉት። አገሩን የሚከላከል ሰው ቀርከሃ ቢያሾል እኔ አልፈርድበትም። ሳቁ ላይ ግን ከዮኒ ጋር ነኝ። እዚያ ዳስ ሥር መሳቅ ነውር ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ሰናይት ልጄ፣ ምንጣፉን በማንሳትሽ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔም ከሰሜን ስመለስ እህቴ ግቢ ሣሩን ዞሬ በሲሚንቶው ጠርዝ ነበር የምሄደው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ታሪክ ወዳዱ፣ አልተቀየምኩም። ስለ ቀርከሃው ካልከኝ ፀብ የለኝም። ቀርከሃ ይበሰብሳል። ጥቂት ክረምት ሲዘንብበት አፈር ይሆናል፣ ጉድጓዱም ይደፈናል። የእኔ ፀብ ከማይበሰብሰው ጋር ነው። እሱን የጠመደው ደግሞ ገበሬው ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ከአሜሪካ ጎን ቬትናም የዘመቱት አውስትራሊያኖች ፉክ ቱይ በሚባለው ክፍለ ሀገር 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አጥርና ፈንጂ ወረዳ ሠሩ። ሽምቅ ተዋጊውን ከመንደሮቹ ለመለየት ነው። ከ20 ሺህ በላይ ፈንጂ ቀበሩ። ከመሬት ዘሎ ወገብ ላይ የሚፈነዳ ዓይነት ነው። ፈንጂ ወረዳ ደግሞ ዘብ ይፈልጋል። ሳይጠበቅ ከቀረ ቁልፍ የሌለው መጋዘን ነው። የደቡብ ቬትናም ወታደሮች ይጠብቁታል ተብሎ ነበር፣ በቅጡ አልጠበቁትም። የዚያ አካባቢ ሰዎች፣ ሴቶችም አሉበት፣ ማታ ማታ እየገቡ ማውጣት ተማሩ። ሲማሩ የሞቱም አሉ። የተረፉት በሺህ የሚቆጠር አወጡ። የወጣው ሁሉ አውስትራሊያኖቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ተመልሶ ተቀበረ። የገዛ ፈንጂያቸው የገዛ ልጆቻቸውን ገደለ። ኋላ ራሳቸው ለማጽዳት ሌላ ደም ከፈሉ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ተራምጃለሁ። የቀበረው መኮንን ሰነፍ አልነበረም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ባልፈነዳ ነገር የሞተው ቬትናማዊ ከ40 ሺህ በላይ እንደሆነ መንግሥታቸው ይናገራል። አብዛኛው ከሰማይ የወረደ ነው፣ አንተ ያልከው። ላኦስ ላይ የወረደው፣ ከትልቅ ቦምብ ውስጥ የሚበተነው ትንንሹ የክላስተር ቦምብ ብቻ 270 ሚሊዮን ይገመታል፣ ከመቶው እስከ ሠላሳው ሳይፈነዳ ቀርቷል። የኳስ ቅርጽ አለው። ልጅ ያነሳዋል።

ሕጉንም ላንሳልህ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጄኔቭ ላይ የወጣ ስምምነት አለ፣ በ1996 ተሻሽሏል። ወጥመድን ጨርሶ አይከለክልም። የማይጠመድበትን ግን ይዘረዝራል። ሬሳ ላይ አይጠመድም። ቁስለኛ ላይ አይጠመድም። መቃብር፣ የልጅ መጫወቻ፣ ምግብና መጠጥ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ የጸሎት ዕቃ፣ እንስሳ ላይ አይጠመድም። ዝርዝሩን ሳነበው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማኛል። እያንዳንዱ ቃል እዚያ የገባው አንድ ሰው አንድ ቀን ስላደረገው ነው። የሰው መግደያ ፈንጂን ጨርሶ የሚከለክለው የኦታዋው ስምምነት ደግሞ በ1997 ወጣ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃዋለች። ፈርሜ ያስረከብኩት መሣሪያ ስለሆነ ለእኔ ያ ቀን ትልቅ ቀን ነበር።

ሰሜን ስንሠራ ያገኘሁትን እረኛ ሳልነግራችሁ አልሄድም። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ካርታችን ላይ የሌለ ቦታ ወሰደን። ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደራርቦ፣ ላዩ ላይ ቀይ የፌስታል ቁራጭ በጠጠር ተጭኖ አስቀምጧል። ማን አደረገው ስለው እኔ አለኝ። እዚህ ጋ በሬያችን ሞቶ ነበር አለ። ከዚያች ድንጋይ ሁለት ሜትር ሳንርቅ አራት ፈንጂ አወጣን። ልጁ እስክንጨርስ ድረስ ርቆ ቆሞ ሲያየን ዋለ። ስንጨርስ መጥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወረወራቸው። ፌስታሉን ኪሱ ከተተው።

ዮኒ ከሰሚት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እረኛው ላይ ስደርስ አላስቻለኝም፤ ትናንት ማታ አያቴ ጋ ደወልኩ። ጆሯቸው ስለደከመ እየጮህኩ ነው የማወራው።

ያ የከርከሮ ጉድጓድ ትዝ ይልዎታል ወይ አልኳቸው። አዎ አሉ። እኔን ለምን ነበር መጀመሪያ እሱን የሚያሳዩኝ አልኳቸው። ታዲያ እንግዳ ልጅ ነህ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንተ አታውቀውም አሉኝ። ለጎረቤቱስ ማን ይነግራል? እኔ ነኛ፣ ቡና ላይ ነው የምነግራቸው፣ ቆፍሬ ሳልነግር አላድርም አሉ።

በቆሎው ከገባ በኋላስ ማን ይደፍነው ነበር አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው ቁጥሩን አያውቀውም አሉኝ።

ስንት ነበሩ?

አምስት፣ በአንድ ዓመት ደግሞ ሰባት። ሰባት የሆኑበትን ዓመት አንዱን ረስቼ ሌሊት ተነስቼ በፋኖስ ሄጄ ደፍኜዋለሁ አሉ። አያቴ ሴትዮዋ ዛሬም በዚያ ሌሊት ይስቁባቸዋል።